የከተሞች ቁመናና የመሀል ከተሞች ዝና

(በመሐንዲሶች ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በዓለም ላይ ካሉት ከተሞች ያማረ ቁመና ያለው የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ለመሐንዲስና ለአርክቴክት ብቻ የተተወ አይደለም። ከአገር ወጥቶ የተመለሰ ሰው ሁሉ የሚያነሣው፣ ቡና ላይ ተቀምጦ ክርክር የሚገጠምበት ጉዳይ ነው። አንዱ ኒውዮርክን፣ ሌላው ሺካጎን፣ ሦስተኛው ሆንግ ኮንግን ያስቀድማል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዱባይን የሚያህል የለም የሚለው ወገን በርክቷል። ክርክሩ የሚካሄደው አብዛኛውን ጊዜ በፎቶግራፍ ላይ ተመሥርቶ ነው። ፎቶግራፉም የሚነሣው ከሩቅ፣ በምሽት፣ መብራት ሁሉ በበራበት ሰዓት፣ ብዙውን ጊዜም ከውሃ ማዶ ሆኖ ነው። በዚያ ሥዕል ውስጥ ሰው አይታይም። አሳንሰር ሲቆም፣ ውሃ ወደ ላይኛው ፎቅ አልወጣ ሲል፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ መንገዱ ጭር ሲል አይታይም።

እንግሊዞች «ስካይላይን» የሚሉት የሕንፃዎች አናት ከሰማይ ጋር የሚገናኝበትን መስመር ነው። በዚህ ንግግር ውስጥ «የከተማ ቁመና» እየተባለ ይጠራል፤ ሰው ከሩቅ በቁመናው እንደሚለይ ሁሉ ከተማም እንዲሁ ይለያልና። ይሁን እንጂ ቁመናውን ከማዶ አድንቆ ወደ መሀል ከተማው የዘለቀ መንገደኛ ያየውና የጠበቀው የማይገጥሙበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ዝናቸው ከሥራቸው የበለጠ መሀል ከተሞች አሉ፤ ዝናቸው ከሥራቸው ያነሰም አሉ። ይህ ልዩነት ከምን እንደሚመጣ መመርመር ዛሬ ፎቅ በፎቅ ላይ እየከመረ ላለ ከተማ የጨዋታ ጉዳይ አይደለም። (የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከሺካጎ ቢጀመር ተገቢ ነው። በ1871 በጥቅምት ወር የተነሣው እሳት የዚያችን ከተማ መካከል አወደመው። በዚያን ጊዜ ፎቅን ወደ ላይ ለመግፋት የሚያስፈልጉት ነገሮች በየፊናቸው ተዘጋጅተው ነበር። ኤሊሻ ኦቲስ ገመዱ ቢበጠስ እንኳ ተወርውሮ የማይወድቅ አሳንሰር በ1854 በኒውዮርክ ለሕዝብ አሳይቷል፤ ከሦስት ዓመት በኋላም በዚያው ከተማ በአንድ መደብር ውስጥ ሰው ይዞ ይወጣና ይወርድ ጀመር። ዓረብ ብረትም በርካሽ ይመረት ነበር። ከአሳንሰር በፊት የሕንፃ የላይኛው ፎቅ ኪራይ ርካሹ ነበር፤ ደረጃ መውጣት የሚወድ የለምና። ከአሳንሰር በኋላ ግን ላይኛው ከሁሉ የተወደደ ሆነ። የከተሞች ቁመና የተለወጠው በዚህ የኪራይ መገለባበጥ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ዊልያም ለባሮን ጄኒ የተባለው መሐንዲስ በ1885 ያስጨረሰው ባለ 10 ፎቅ የመድን ድርጅት ሕንፃ «የመጀመሪያው ሰማይ ጠቀስ» ተብሎ በየመጽሐፉ ይጠቀሳል። ክብደቱን የሚሸከመው ከሞላ ጎደል የብረት አጽም ነው፤ ከፊሉ ግን በግንብ ላይ ያርፍ ስለ ነበር ማዕረጉ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሕንፃው በ1931 ፈርሷል። ከዚህ ይልቅ ለመሐንዲስ የሚያስተምረው እዚያው ከተማ ውስጥ እስከ ዛሬ ቆሞ ያለው ሞናድኖክ ነው። በ1891 የተጠናቀቀው የሰሜኑ ክፍል 16 ፎቅ አለው፤ ሸክሙን የያዘው የጡብ ግድግዳ ነው፤ ስለዚህም ከሥር የግድግዳው ውፍረት 1.8 ሜትር ያህል ደርሷል። ለሱቅ የሚከራየውን ውዱን የምድር ቤት ወለል ግድግዳው ራሱ በላው። በዚያ ላይ የሺካጎ መሬት ልል የሸክላ አፈር ስለ ሆነ ሕንፃው በዘመናት ውስጥ ወደ ግማሽ ሜትር ያህል ሰምጧል። ጡብን ወደ ላይ መግፋት የሚያዋጣው እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ ለማወቅ ከዚህ ሕንፃ በር ላይ ቆሞ የግድግዳውን ውፍረት በክንድ መለካት ይበቃል።

የሺካጎ ዝና ያለ አግባብ የተገኘ አይደለም የሚያሰኘው ግን ቀዳሚነቷ ብቻ አይደለም። በ1929 በዳካ የተወለደው ፋዝሉር ካን የተባለው መሐንዲስ የሕንፃውን ውጫዊ ገጽ ራሱን ነፋስ የሚቋቋም ቱቦ አድርጎ የመሥራትን ዘዴ ያዳበረው በዚህች ከተማ ነው። በ1969 የተጠናቀቀው ባለ 100 ፎቁ ጆን ሃንኮክ ሕንፃ ነፋስን የሚመክትባቸውን ሰያፍ ብረቶች አይሰውርም፤ በፊቱ ላይ ተጋድመው ለመንገደኛ ሁሉ ይታያሉ። ለዚህ ሕንፃ የገባው ብረት በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ወደ 145 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ ከእርሱ ብዙም ለማይበልጠው ለኤምፓየር ስቴት ግን ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ገብቷል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተሠራው ሲርስ ታወር፣ ዛሬ ዊሊስ ታወር የሚባለው፣ ዘጠኝ ቱቦዎች እንደ ጭራሮ እስር በአንድ ላይ ታስረው የቆሙበት ነው፤ እስሩ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ቱቦዎቹ አንድ በአንድ እየቀሩ ሁለቱ ብቻ 442 ሜትር ይደርሳሉ። ከሩቅ የሚታየው መሰላል መሰል ቅርጽ ጌጥ አይደለም፤ የኃይል አወራረዱ ሥዕል ነው። ካን በ1982 ዐርፏል። የሺካጎን ቁመና የሚያነብ ሰው የመዋቅር ትምህርት እያነበበ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር ግን አንድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ያ ሁሉ ፎቅ የሚታየው ከፊቱ ባዶ ቦታ ስላለ ነው። በ1836 በተነሣው የከተማው ፕላን ላይ የሐይቁ ዳርቻ ለዘለዓለም ክፍትና ከሕንፃ የጸዳ የሕዝብ ቦታ እንዲሆን ተጽፎ ነበር። ከተማው ይህን ሊዘነጋ ሲቃጣው ሞንትጎመሪ ዋርድ የተባለው ባለጸጋ ነጋዴ ከ1890 ጀምሮ ለሃያ ዓመታት ያህል የገዛ ከተማውን ፍርድ ቤት አቆመ፤ ረታም። በ1909 የወጣው የዳንኤል በርንሃም ፕላንም ይህንኑ አጸና። ዛሬ በሐይቁ ዳር ቆሞ ወደ ፎቆቹ ዞሮ የሚመለከት ጎብኚ የሚያመሰግነው ግንበኞቹን ብቻ ነው፤ ግማሹ ምስጋና ግን ሳይሠራ ለቀረው መሬትና ላላሠራው ሰው ሊሆን ይገባው ነበር። ሆንግ ኮንግም እንዲሁ ነው። ከፊቱ የባሕር ወሽመጥ፣ ከኋላው ተራራ አለው፤ ፎቆቹ አንድ በአንድ ቢታዩ ብዙዎቹ ተራ የመኖሪያ ሕንፃዎች ናቸው።

ወደ ኒውዮርክ ሲታለፍ ለረጅም ጊዜ በምህንድስና ትምህርት ቤት ሳይቀር ሲነገር የኖረ አንድ ተረት ይገኛል። የማንሃታን ፎቆች በሁለት ቦታ፣ በደቡቡ ጫፍና በመካከል፣ ተከማችተው በመሀላቸው ሸለቆ የመሰለ ዝቅታ የሚታየው ጽኑው አለት በሁለቱ ቦታዎች ቅርብ፣ በመሀል ግን ጥልቅ ስለ ሆነ ነው ይባል ነበር። ማብራሪያው ያምራል፤ መሐንዲስንም ያኮራል። ዳሩ ግን ጄሰን ባር የተባለው የኢኮኖሚ ምሁርና ባልደረቦቹ በ2011 ባሳተሙት ጥናት የአለቱን ጥልቀትና ሕንፃዎቹ የቆሙበትን ስፍራ ሲያመሳክሩ ምክንያቱ ሌላ ሆኖ ተገኘ። በደቡቡ ጫፍ አካባቢ አለቱ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ ጭምር ረጃጅም ሕንፃዎች ተሠርተዋል፤ የመሠረቱ ተጨማሪ ወጪ ከመሬቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነበር። ፎቆቹ የተከተሉት ገንዘብን፣ ባቡር ጣቢያንና ደንበኛን ነው። ሸለቆው በቀረበት ሰፈር ደግሞ የድሆች መኖሪያና አነስተኛ ፋብሪካ ሞልቶ ነበር። የከተማን ቁመና መሬቱ ይቀርጸዋል የሚለው ሐሳብ በዚህ መጠን መታረም አለበት።

ሕግ ግን በእርግጥ ይቀርጸዋል። በ1915 የተጠናቀቀው የኢኩዊተብል ሕንፃ ከቆመበት ቦታ 30 ጊዜ ያህል የሚበልጥ የወለል ስፋት ይዞ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ የጎረቤቶቹን ብርሃን ነጠቀ። በዓመቱ ከተማው ደንብ አወጣ። ሕንፃ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ከመንገዱ እየሸሸ እንዲወጣ፣ ከቦታው አንድ አራተኛ በሆነው ስፋት ላይ ግን እስከ ፈለገው እንዲረዝም ተፈቀደ። ዓለም ሁሉ የኒውዮርክ ጥበብ ብሎ የሚያደንቀው የደረጃ ቅርጽ የተወለደው ከዚህ የብርሃንና የአየር ክርክር ነው።

የርዝመት ፉክክሩ ግን ከጥበብ ይልቅ ከእልህ የመጣ ነበር። በ1929 የክራይስለር ሕንፃ ባለቤቶች 38 ሜትር የሚሆን ሾጣጣ ጫፍ በሕንፃው ውስጥ በምስጢር ካዘጋጁ በኋላ ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ አውጥተው በአናቱ ላይ ተከሉት፤ የዎል ስትሪት ተፎካካሪያቸውም ድል መነሣቱን ያወቀው ከተፈጸመ በኋላ ነው። ኤምፓየር ስቴት በ13 ወር ተኩል ገደማ ተሠርቶ በግንቦት 1931 ሲመረቅ ይህን ክብር ወሰደ፤ 102 ፎቅም ነበረው። ተከራይ ግን አልነበረውም። የኢኮኖሚ ውድቀቱ ዘመን ስለ ነበር በስሙ ላይ ቀልደው «ባዶው ሕንፃ» ይሉት ጀመር። ከተማውን ከላይ ሆኖ ለማየት የሚከፍለው ጎብኚ ለዓመታት ከሕንፃው ዋነኛ የገቢ ምንጮች አንዱ ሆኖ ቆየ። የዓለምን ዓይን የሳበ ሕንፃ ለባለቤቱ ኪራይ ለማምጣት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል መጠበቁ በየፖስት ካርዱ ላይ አይጻፍም።

በዚያው ከተማ ካለው ከሲቲኮርፕ ሕንፃ ታሪክ የበለጠ ለመሐንዲስ የሚያስደነግጥ የለም። በ1977 የተጠናቀቀው ይህ ባለ 59 ፎቅ ሕንፃ በሰያፍ የተቆረጠ ጣሪያ ስላለው ከሩቅ በአንድ ጊዜ ይለያል። በማእዘኑ አንድ ቤተ ክርስቲያን ስለ ነበረች የሚሸከሙት አራቱ ታላላቅ ዓምዶች የቆሙት በማእዘኖቹ ሳይሆን በየጎኑ መካከል ነው። ሕንፃው ከተጠናቀቀ በኋላ መዋቅሩን ያሰላው ዊልያም ለሜዡሪየር ነፋስ በማእዘን አቅጣጫ ሲመጣ በሰያፎቹ ብረቶች ላይ የሚያደርሰውን ኃይል እንደ ገና ሲመረምር፣ በብየዳ ይገናኛሉ የተባሉት መጋጠሚያዎች በብሎን መገናኘታቸውንም ሲረዳ አደጋው ከፍተኛ መሆኑን አወቀ። ጉዳዩን ደብቆ ከማለፍ ይልቅ ለባለቤቱ አስታወቀ። በ1978 የበጋ ወራት ሠራተኛው ሁሉ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ በየሌሊቱ በመጋጠሚያዎቹ ላይ የብረት ሳህን ይበየድ ነበር፤ በሥሩ የሚያልፈው ሕዝብ ግን ምንም አያውቅም። ነገሩ ለሕዝብ የተገለጸው በ1995 ነው። በእነዚያ ወራት የተነሡት ፎቶግራፎች ላይ ሕንፃው እንደ ወትሮው ያምራል።

ከ2010ዎቹ ወዲህ በሴንትራል ፓርክ ደቡብ የበቀሉት የባለጸጎች መኖሪያዎች ሌላ ዓይነት ናቸው። ከእነርሱ አንዱ 435 ሜትር ይረዝማል፤ የወርዱና የቁመቱ ጥምርታ 1 ለ 24 ነው። መዋቅራቸው የሚደነቅ መሆኑ አያጠራጥርም። በዚያ ፎቅ ላይ ያሉት ቤቶች ግን ብዙዎቹ ባለቤቶቻቸው ዓመቱን ሙሉ የማይኖሩባቸው ናቸው። ቢሆንም ኒውዮርክ ዝናው ከሥራው በለጠ አይባልም። ምክንያቱም የፎቆቹ እግር ሥር ሕይወት አለ፤ ሱቁ ክፍት ነው፤ የምድር ባቡሩ ሌሊቱን ሁሉ ይሄዳል፤ እግረኛ መንገዱን ሞልቶታል።

ዝናቸው ከሥራቸው በልጧል ከሚባሉት መካከል ሂውስተን የፊተኛውን ስፍራ ብትይዝ የሚያስከፋው ሂውስተናዊውን ብቻ ነው። በነዳጅ ገንዘብ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተገነባው መሀል ከተማዋ ከአውራ ጎዳናው ላይ በመኪና ሲታይ ከሜዳው መካከል እንደ ብርጭቆ ተራራ ድንገት ብቅ ይላል። በ1982 የተጠናቀቀው፣ በአይ. ኤም. ፔይ የተነደፈው ባለ 75 ፎቅ ሕንፃ 305 ሜትር ይደርሳል። ነገር ግን በ1970ዎቹ ከአውሮፕላን የተነሡ ፎቶግራፎች የሚያሳዩት ፎቆቹ በመኪና ማቆሚያ አስፋልት ባሕር ውስጥ እንደ ደሴት መቆማቸውን ነው። ሙቀቱን የሚሸሸው የቢሮ ሠራተኛ የሚመላለሰው 10 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን ቀዝቃዛ የምድር ውስጥ መተላለፊያ ነው፤ ምግብ ቤቱና ሱቁ እዚያው ሥር ነው፤ ሲመሽና ቅዳሜና እሑድ ይዘጋል። ላይኛው መንገድ ስለዚህ ባዶ ቀረ። የነዳጅ ዋጋ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲወድቅ ብዙ ቢሮ ያለ ተከራይ ተቀመጠ። ከተማው የመሬት አጠቃቀም ሕግ ስለሌለው በ1983 ባለ 64 ፎቅ ሕንፃ ከመሀል ከተማው ብዙ ርቆ ለብቻው ቆመ። ለእውነት ለመናገር፣ በ2004 የተከፈተው የከተማ ባቡርና በ2008 የተከፈተው የሕዝብ መናፈሻ ሁኔታውን አሻሽለዋል። ቢሆንም ከአውራ ጎዳናው የሚታየውና በእግር የሚገኘው አሁንም ሁለት የተለያዩ ከተሞች ናቸው።

ሎስ አንጀለስ ደግሞ አንድ ጥያቄ ታስነሣለች፤ የአብዛኞቹ ረጃጅም ሕንፃዎቿ አናት እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ የሆነው ለምንድን ነው? አርክቴክቶቹ አሳብ አጥሯቸው አይደለም። ከ1974 እስከ 2014 የእሳት አደጋ ደንቡ እያንዳንዱ ረጅም ሕንፃ በጣሪያው ላይ ሄሊኮፕተር ማረፊያ እንዲኖረው ያስገድድ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ የአንድን ታላቅ ከተማ ቁመና የነደፈው የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ነው።

ዱባይን በተመለከተ ሚዛን መጠበቅ ያስፈልጋል። በጥር 2010 የተመረቀው ቡርጅ ኸሊፋ 828 ሜትር ይረዝማል። በምህንድስና ረገድ ሊነቀፍ አይችልም። ሦስት ክንፎቹ መካከለኛውን ዓምድ እየደገፉ ይቆማሉ፤ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ቅርጹ ስለሚለዋወጥ ነፋሱ በአንድ ምት ሊያወዛውዘው አይችልም፤ 192 ፓይሎች ወደ 50 ሜትር ያህል ወርደው ልል በሆነው መሬት ላይ አስቀምጠውታል፤ ኮንክሪቱም በፓምፕ ከ600 ሜትር በላይ ተገፍቶ ወጥቷል። ነገር ግን ረጃጅም ሕንፃዎችን የሚመዘግበው የሺካጎው ምክር ቤት በ2013 እንዳስታወቀው፣ ከዚህ ቁመት ውስጥ 244 ሜትሩ ሰው ከሚገለገልበት የመጨረሻ ወለል በላይ ያለ ባዶ ጫፍ ነው። ያ ጫፍ ለብቻው ቢተከል ራሱን የቻለ ሰማይ ጠቀስ ይባል ነበር።

ስለ ጫፍ ከተነሣ ዘንድ፣ ርዝመት ራሱ የክርክር ውጤት መሆኑን መጥቀስ ይገባል። የኩዋላ ሉምፑር መንትያ ሕንፃዎች የሲርስ ታወርን ማዕረግ የወሰዱት ጣሪያቸው በልጦ አይደለም፤ ሾጣጣው ጫፋቸው «የሕንፃው አካል» ሲባል የሲርስ አንቴና ግን «መሣሪያ» ስለ ተባለ ነው። በኒውዮርክ የቆመው የዓለም ንግድ ማእከል ሕንፃ በ2013 ዊሊስ ታወርን የበለጠውም በአናቱ ያለው ዘንግ አንቴና ሳይሆን ጫፍ ነው ተብሎ ስለ ተፈረደለት ነው። የአሜሪካን ነጻነት የታወጀበትን ዓመት ለማስታወስ ቁመቱ 1776 ጫማ እንዲሆን ስለ ተፈለገ ዘንጉ ካልተቆጠረ ትርጉሙ ይጠፋ ነበር።

የዱባይ መሀል ከተማ ጉድለት ያለው ከእግር ሥር ነው። በሼኽ ዛይድ መንገድ ግራና ቀኝ የተሰለፉት ፎቆች ከፊት ሲታዩ ደን ይመስላሉ፤ ከጎን ሲታዩ ግን ብዙ ቦታ ላይ አንድ ረድፍ ናቸው፤ ከጀርባቸው ዝቅተኛ ቤት ነው። ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው በእግር ለመሻገር በ2009 ከተከፈተው የባቡር ጣቢያ ድልድይ በቀር ሌላ መንገድ ማግኘት ቀላል አይደለም። ይህን ደግሞ ከመጻሕፍት ይልቅ በዚያ ከተማ በሥራ የሚኖሩት ብዙ ኢትዮጵያውያን ያውቁታል፤ በቀን ሙቀት ከሕንፃ ወደ ሕንፃ በእግር የሚሄዱት እነርሱና መሰሎቻቸው ናቸውና።

በተቃራኒው፣ ማንም በውድድሩ ውስጥ የማያስገባት ዋሽንግተን አለች። በ1894 አንድ 50 ሜትር የሚሆን ሆቴል ቢሠራ ጎረቤቶቹ ስለ ተቆጡ በ1899፣ ቀጥሎም በ1910 ሕግ ወጣ። ብዙ ሰው ሕጉ ከምክር ቤቱ ጉልላት የሚበልጥ ሕንፃ እንዳይሠራ የሚከለክል ይመስለዋል፤ እንዲህ አይደለም። የሕንፃው ቁመት ከፊቱ ካለው መንገድ ስፋት በ20 ጫማ እንዳይበልጥ፣ በንግድ መንገዶችም ከ130 ጫማ፣ ማለትም ከ40 ሜትር፣ እንዳያልፍ ነው የሚደነግገው። ቁመቱ ከመንገዱ ስፋት ጋር በመታሰሩ ብርሃን እስከ እግረኛው ድረስ ይወርዳል። ጉዳቱም አለ። መሬት ውድ ነው፤ ኪራይ ከፍ ያለ ነው፤ ፎቆቹም ሕጉ ወደማይደርስበት ወደ ወንዙ ማዶ፣ ወደ ሮስሊን ተሻግረዋል። በዚያ አካባቢ የሚኖረው ብዙ ቁጥር ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ምግብ ቤቶቹን የከፈተው በዝቅተኛዎቹ የቆዩ ሕንፃዎች የምድር ቤት ውስጥ እንደ ነበር ልብ ይሏል። አዲስ ነጋዴ የሚችለው ኪራይ በአሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነው የሚገኘው፤ ይህን ደግሞ ከሩቅ የሚነሣ ፎቶግራፍ አይመዘግበውም።

አሁን ወደ አዲስ አበባ መምጣት ያስፈልጋል። ከተማዋ ለረጅም ጊዜ ቁመናዋን ያገኘችው ከእንጦጦ ተራራ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በአርቱሮ መዘዲሚ የተነደፈው ማዘጋጃ ቤት የቸርችል ጎዳና ዳገት ላይ ሲቀመጥ ለዓይን ማረፊያ ሆኖ ነበር የተሠራው። በ2012 የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ 99.9 ሜትር የሆነው ለትርጉም ሲባል ነው፤ ቁጥሩ ኅብረቱ የታወጀበትን ቀን ያስታውሳል። በየካቲት 2022 የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ደግሞ 209 ሜትር ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ባንኮችና የመድን ድርጅቶች በሰንጋ ተራና በአካባቢው ጎን ለጎን ቆመዋል። ከ2024 ጀምሮም የፒያሳ አሮጌ ሰፈር አብዛኛው ክፍል ለልማት ተብሎ ፈርሷል።

ለአዲስ አበባ መሐንዲስ አንድ ጥቅምና አንድ ሥጋት አለ። ጥቅሙ ከፍታው ነው። በ2400 ሜትር ገደማ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ የሚያሳድረው ግፊት በዚያው መጠን ይቀንሳል። ለሺካጎ የተሠራ ስሌት እንዳለ ቢገለበጥ ያለ ፋይዳ ብረት ያስፈጃል። ሥጋቱ ግን ከስምጥ ሸለቆው ቅርብ መሆኗ ነው። በ1995 የወጣው የሕንፃ ደንብ የመሬት መንቀጥቀጥን ያሰላው በ100 ዓመት አንድ ጊዜ ሊደርስ በሚችለው መጠን ነበር፤ በ2015 የወጣው ደግሞ በ475 ዓመት ሊደርስ የሚችለውን መሠረት አደረገ። ይህም ማለት ዛሬ በከተማው ቁመና ውስጥ ከሚታዩት ሕንፃዎች ብዙዎቹ የተሰሉት በፊተኛው ሚዛን ነው። ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ መሬቱ በተከታታይ ሲንቀጠቀጥ በአዲስ አበባ ከፍ ባሉ ፎቆች ላይ የነበሩ ሰዎች ንዝረቱ ተሰምቷቸው ነበር። የመስታወት ልባሱ ከውጭ ሲታይ የአሮጌውንና የአዲሱን ደንብ ሕንፃ አይለይም። የሚለየው በየመዝገብ ቤቱ የተቀመጠው የስሌት ወረቀትና የመዋቅር ሥዕል ነው፤ የየትኛው ሕንፃ ወረቀት በእጅ እንዳለ፣ የየትኛው እንደ ጠፋ ቆጥሮ የመመዝገብ ሥራ ደግሞ ገንዘብ ብዙ አይጠይቅም፤ ጥቂት ወጣት መሐንዲሶችና አንድ ዓመት ይበቃዋል።

ሌላው ጉዳይ የምድር ቤቱ ነው። አዲሶቹ ፎቆች ከመንገዱ በደረጃ፣ በአጥርና በጥበቃ ቤት ተለይተው እየቆሙ ነው። የሂውስተን መሀል ከተማ ባዶ የቀረው በፎቆቹ ብዛት አይደለም፤ ከፎቆቹ ሥር ሱቅ፣ ጥላና ሰው እንዲኖር ያሰበ ባለመኖሩ ነው። ለገሐር ጣቢያ ፊት፣ ከይሁዳ አንበሳ ሐውልት አጠገብ ቆሞ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ የሚመለከት ሰው ዛሬም ማዘጋጃ ቤቱን፣ ከላዩም እንጦጦን ያገኛል። የዚህ እይታ ስፋት በሜትር ተለክቶ በፕላን ላይ ቢሰመር፣ በግራና በቀኝ የሚሠራው ሕንፃ እስከ ስንት ፎቅ ሊደርስ እንደሚችል በአንድ ቀን ስሌት ይታወቃል።